የመቅደሱ ኖራ

ያርጋል ለምን መንገድ ተሻገረ?

እሌኒ ከጭነት መኪናው ጋቢና ወርዳ እግሯን ደባርቅ አስፋልት ላይ እንዳሳረፈች ነው ያየችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልክ በማይሠራበት የስሜን ገደል ስትንከራተት፣ ጥቁር ድንጋይ እየፈለጠች በከረጢት ስትሞላ ከርማ፣ ጥምቀትንም እዚያው ብርድ ላይ ውላ መመለሷ ነበር። ፊቷን ፀሐይ ልጦታል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። እሱ ከሲሚንቶ መሸጫው በኩል ቱንቢና ገመድ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ይመጣል። ዐይን ለዐይን ተጋጠሙ። እጇን አነሣች። ያርጋል የተነሣውን እጅ አየ፣ ፊቷንም አየ፤ ከዚያ ክፉ ውሻ ያጋጠመው ሰው እንደሚያደርገው ቀስ ብሎ ወደ ማዶ ተሻገረ።

«ያርጋል!»

አልዞረም። ባጃጅ ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ተያዩ፤ አንደኛዋ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ሳቀች።

ይህ ሰው ኖርዌይ በተማረችባቸው ሰባት ዓመታት በየወሩ ደብዳቤ የጻፈላት ሰው ነው። ኢንተርኔት ቤት ገብቶ መጻፍ እንደ መጮህ ይቆጠራል እያለ በደብተር ወረቀት፣ በዚያ እንደ ጥርብ ድንጋይ በተስተካከለ የእጅ ጽሑፉ። አሥረኛ ክፍልን አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጨረሱ፤ ከዚያ እሷ ወደ ትምህርቷ፣ እሱ ወደ አባቱ መዶሻ ሄዱ። ዐምና ስትመለስ አውቶቡስ መናኸሪያ የጠበቃት እሱ ብቻ ነበር። ተራራ ልትወጣ ስትል ደግሞ «ስትወርጂ ሽማግሌ ደጃችሁ ደርሶ ይቆይሻል» ብሏት፣ እሷም እየሳቀች «ላካ፤ ማን ከለከለህ!» ብላው ነበር።

ታዲያ ምን አድርጋው ነው?

የድንጋይ ከረጢቶቿን ከመኪናው እያወረደች ለራሷ ደጋግማ ጠየቀች። መልሱን አላወቀችም። ግን ከደረቷ ሥር አንዲት ቀዝቃዛ ነገር «ታውቂዋለሽ» ትላት ነበር፤ እሷም ያቺን ድምፅ እንዳትሰማ ከረጢቶቹን ከሚገባው በላይ እያመናጨቀች ወረወረቻቸው።

*

አባቷ አቶ ዓለምብርሃን ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ችሎት ከተዉ ዐሥር ዓመት ቢያልፋቸውም ቤታቸው ውስጥ ሲናገሩ አሁንም ፍርድ የሚያነቡ ይመስላሉ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጉልበቷን ዝቅ አድርጋ ሳመቻቸው።

«ጠቁረሽ መጣሽ» አሉ። «ተቀመጪ።»

«አባባ፣ ያርጋል ሽማግሌ ልኮ ነበር እንዴ?»

«ልኮ ነበር። በሚካኤል ዕለት፣ በጥምቀት ማግስት። ሦስት ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ እዚያ ግቢው መሐል ቆሙ።»

«እና?»

«እናማ ቆሙ። ሽማግሌ ቆሞ ይጠይቃል፤ ባለቤት ደግሞ ቁጭ በሉ ሲል ነገሩ ሊሆን ነው ማለት ነው። እኔ ቁጭ በሉ አላልኋቸውም።» መነጽራቸውን አወለቁ። «‹ለአያ ገሠሠ ልጅ የእርስዎን ልጅ ፈልገን ነው› አሉኝ። ለዚህስ ልጄ ራሷ በጽሑፍ መልስ ሰጥታለች አልሁና ገብቼ ይህንን አወጣሁላቸው።»

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ወረቀት ወደ እሷ ገፉት። እሌኒ ገና ሳታነሣው ዐወቀችው። የገዛ እጇ ሥራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከዳባት ወጣ ብላ ያለችው የወይራ አምባ ኪዳነ ምሕረት መቅደሷ የሦስት መቶ ዓመት ዕድሜ አለው ይባላል። በቅርስነት እንድትመዘገብ ማስረጃ ሲያስፈልግ፣ የድንጋይ ምሁር ናት ተብላ እሌኒ ተጠየቀች። የእሷ ዋና ሥራ እንኳ ሌላ ነው፤ ከፋብሪካ የሚወጣውን የተቃጠለ አየር በውኃ በጥብጠው ከመሬት በታች ቢቀብሩት የስሜን ጥቁር ድንጋይ ይዞ ወደ ድንጋይነት ይለውጠው እንደሆነ ነው የምታጠናው። ኖራም ግን ከዚያው ዘር ነው። ኖራ እሳት ውስጥ ሲገባ በሆዱ የያዘውን አየር ያጣል፤ ተቦክቶ ግድግዳ ላይ ሲደርቅ ያጣውን ከአካባቢው መልሶ ይስባል፤ የሳበውን አየር ዓመት ደግሞ እንደ ማኅተም ይዞት ይቀራል። በተለይ በአምሳዎቹ ታላላቆቹ መንግሥታት የአቶሚክ ቦምብ ሲሞክሩ የዓለም አየር ስለተለወጠ፣ ከዚያ ወዲህ የደረቀ ኖራ ቤተ ሙከራ ሲገባ ወዲያው ይታወቃል። እሌኒ ከመቅደሱ የመጣላትን ቁራሽ ግማሽ ወደ ተማረችበት አገር ላከች። የመጣላትን ውጤት ጻፈች።

አባቷ ሳያዩ፣ በቃላቸው አነበቡላት፦ «‹የመቅደሱ የምሥራቅ ግድግዳ ማያያዣ ኖራ ከ1955 ዓመተ ምሕረት በኋላ የደረቀ ነው። ግድግዳው ፈርሶ እንደገና የተሠራ እንጂ ጥንታዊ ሊሆን አይችልም።› ፊርማ፣ እሌኒ ዓለምብርሃን።»

«ይህ ለባህል ጽሕፈት ቤቱ የተጻፈ ነው እኮ!»

«ግልባጩ ለሕንፃ ኮሚቴው ይላል። የኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነኝ። ከአምሳ አምስት ወዲህ በዚያ ደጅ መዶሻ ያነሣ ማን ነው? በስድሳ አራት የውጭውን ዙሪያ ግድግዳ ልጠግን ብሎ የገባው ገሠሠ ነው፤ ሌላ ማንም የለም። የመቅደሱን አንዲት ድንጋይ አልነካሁም እያለ አርባ ዓመት ማለብን። ያን የነገሥታት ጥርብ ድንጋይ የት እንዳደረሰው እንግዲህ እሱ ያውቃል።»

«እኔ የማንንም ስም አልጠራሁም!»

«አልጠራሽም፤ ጎበዝ ነሽ። ስም መጥራቱ የኔ ፋንታ ነው።» መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። «ሰባት ዓመት ያስተማርሁሽ ለድንጋይ ጠራቢ እራት እንድታቀርቢ አይደለም። የጠይብ ዘር ደጄን ሊረግጥ! ውለታሽን አልረሳም፤ እኔ ብከለክል ትዕቢት ይሉኝ ነበር።»

እሌኒ ወረቀቱን አጥፋ ያዘችው። ያን ዓረፍተ ነገር ስትጽፍ አያ ገሠሠን አላሰበቻቸውም ብትል ትዋሽ ነበር። አስባቸዋለች። ሁለት ቀን አመንትታለች። ከዚያ «እውነት ለማንም አያዳላም» ብላ ልካው፣ ስትልከውም ስለ ራሷ አንድ የኩራት ስሜት ተሰምቷት ነበር። ለያርጋል ከተራራ ስመለስ እነግረዋለሁ አለች። አሁን ግን ያ ኩራት አፏ ውስጥ ተቀምጦ መዋጥም መትፋትም አቃታት።

*

በማግሥቱ በሚኒባስ ዳባት ወረደች። የአያ ገሠሠ ቤት ከገበያው በታች ነው፤ ግቢው ግማሽ የተጠረበ ድንጋይ ክምር። የያርጋል ታላቅ እኅት በለጠች በሩን ገርበብ አድርጋ ከፍታ፣ ማን እንደሆነች ስታይ ሙሉውን አልከፈተችውም።

«ጤና ይስጥልኝ እቴ በለጡ።»

«ደግሞ ምን ልትለኪ መጣሽ? አባዬን? አልጋው ላይ አለልሽ። ቆርሰሽ ላኪውና ስንት ዓመቱ እንደሆነ ይንገሩሽ።»

«ላነጋግራቸው እባክሽ።»

«ማንን? እሱ ከሰው ጋር መነጋገር ትቷል።» በለጠች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅ ሲል ይበልጥ ከፋ። «አባትሽ ያንን ወረቀት ለሽማግሌ ባነበበ በአራተኛው ቀን፣ በዐሥራ ስድስት፣ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ነበር። ጽዋው ዞረ፣ ዞረና እሱ ዘንድ ሲደርስ አልፎት ሄደ። ሠላሳ ዓመት የጠጣበትን ጽዋ። ማንም ምንም አላለው፤ ዝም ብለው አሳለፉት። ጋቢውን አራግፎ ተነሣ፣ ቤቱ ገባ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ይኸው እስከ ዛሬ። በይ አሁን ሂጂ፣ እዚህ ደጅ የምትቆርሺው ድንጋይ የለም።»

«በለጡ፣ ተያት» አለ ከክምሩ በስተጀርባ አንድ ድምፅ።

ያርጋል መሮውን ይዞ ብቅ አለ። ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ነጭ የድንጋይ ትቢያ ነበረው። አልጨበጣትም። እኅቱ እያጉረመረመች ገባች።

«ያርጋል፣ ስማኝ—»

«ሽማግሌ ልላክ ስልሽ ሳቅሽ። ላክ አልሽኝ። ያንን ወረቀት ግን ያኔ ልከሽው ነበር፤ አልነበረም?»

«ልኬው ነበር። ስመለስ ልነግርህ—»

«ምን ብለሽ? ‹አባትህ መቅደስ አፍርሶ ድንጋይ ሰርቋል፤ ሠርጉን መቼ እናድርገው› ብለሽ?»

«ሌባ አላልኋቸውም! ያየሁትን ነው የጻፍሁት።»

«እምቢ ማለት ፈርተሽ ነው የጻፍሽው።» መሮውን ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። «የግንበኛ ልጅ አላገባም ብትዪኝ እኮ ይገባኝ ነበር። እሌኒ፣ በእግዜር፣ ይገባኝ ነበር! ሰባት ዓመት ደብዳቤ ስጽፍልሽ አንድም ቀን ትመለሳለች ብዬ አላመንሁም ነበር። በደጃፌ ብታልፊኝ ችዬ እተኛ ነበር። ሽማግሌ አስልከሽኝ አባቴን አስቁመሽ ማስገረፍ ግን ምን አመጣው?»

«እወድሃለሁ እኮ!» አለች። ሰው ሲጣላ እንደሚናገር፣ ጮክ ብላ፣ ስድብ እስኪመስል።

«አንቺ ትክክል መሆንሽን ነው የምትወጂው።»

ይህን ስትሰማ ነደደች። «ታዲያ ምን ላድርግ? ስለምወድህ ልዋሽ? ሁለት ጊዜ ነው የተለካው። ኖራ አይዋሽም፣ ያርጋል!»

«ኖራ?» ሳቀ፤ የሚያስቀይም ሳቅ ነበር። «አንቺ ነሽ ስለ ኖራ የምትነግሪኝ? የአባቴ ኖራ ቀይ አሸዋ አለው። ዕድሜውን ሙሉ ከዚህ ከታች ከወንዙ ነው የሚያስመጣው፤ ስድሳ አራትም ይሁን ትናንት፣ ያው ቀይ ነው። የመቅደሱ ኖራ ውስጥ አንድ ፍሬ ቀይ አሸዋ የለም። ነጭ ነው፤ የተፈጨ፣ እንደ አመድ የቀለለ። ዲያቆን ሆኜ ስድስት ዓመት እዚያ ግድግዳ ሥር ቆሜአለሁ፣ በጣቴ ዐውቀዋለሁ። አንቺ ገብተሽ አይተሽዋል?»

«ሴት መቅደስ አትገባም። ታውቃለህ።»

«እንግዲያው ያላየሽውን ነው የመሰከርሽው።»

ገባና አንድ ጥቅል ይዞ ወጣ፤ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት የተጠቀለለ፣ በግንበኛ ገመድ የታሰረ። ከኖርዌይ የጻፈችለት ደብዳቤዎች ነበሩ፤ አንድም ሳይጎድል። በሁለት እጁ አቀበላት፤ ለእንግዳ እንደሚያቀብል በአክብሮት። ያ አክብሮት ከስድቡ ሁሉ ባሰባት።

ወደ መናኸሪያው ስትወጣ ያለቀሰችው ግን ለደብዳቤዎቹ አልነበረም። ለመጨረሻዋ ቃሉ ነበር። አስተማሪዎቿ ሁሉ ተሰብስበው በሰባት ዓመት ካስተማሯት ውስጥ ያቺን አንዲት ነገር፣ ከዐሥረኛ ክፍል ያላለፈ ሰው በቁጣ መሐል ነገራት።

*

ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። የቁራሹ ቀሪ ግማሽ በሣጥን ውስጥ ነበር። በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዛ ማጉያ መነጽሯን አስጠጋችበት።

ቀይ። እንደ በርበሬ ፍሬ የተበተነ ቀይ አሸዋ።

ይህን ቁራሽ ስንት ጊዜ ይዛዋለች! ቀዩን አይታዋለች፤ መዝግባዋለችም። የመቅደሱ ኖራ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግን አልጠየቀችም። ወዲያው ባጃጅ ይዛ፣ ከዚያም በሚኒባስ፣ ከዚያም በእግሯ ወይራ አምባ ደረሰች።

ቄሰ ገበዝ እንግዳው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረትና ቁልፍ የሚጠብቁት ካህን፣ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። መስቀላቸውን ተሳለመች። ቁራሹን በመዳፏ ላይ አድርጋ አሳየቻቸው።

«አባ፣ ይህን ከየት ነው ያነሡት?»

«ከኪዳነ ምሕረት ቤት ነዋ።»

«ከመቅደሱ? ከምሥራቁ ግድግዳ?»

ቄሰ ገበዝ መቁጠሪያቸውን ሁለት ሦስት ፍሬ አሳለፉ።

«አንቺ ልጅ፣ መዶሻ ሰጠሽኝ» አሉ በመጨረሻ። «ታቦት የቆመበትን ግድግዳ በዚህ መትተው ትንሽ ያንሡልኝ አልሽ። የተማረች ናት፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ጥቅም ነው ብዬ ይዤ ገባሁ። ሦስት ጊዜ ሰገድሁ። መዶሻውን አነሣሁ። እጄ እምቢ አለ። ኪዳነ ምሕረትን እንደመምታት ሆነብኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወጣሁ። ከቅኔ ማኅሌቱ ግድግዳ ሥር፣ በውጭ በኩል፣ ዝናብ ያረገፈው ወድቆ አየሁ። አንሥቼ በነጠላዬ ጠረግሁና ከረጢትሽ ውስጥ ጨመርሁት። ባዶውን እንዳልመልስልሽ አፈርሁ። ያው አንድ ቤት አይደለም? ከዚህ ሆነ ከዚያ፣ ሁሉም የእሷ ነው።»

«ከረጢቱ ላይ ‹መቅደስ፣ ምሥራቅ ግድግዳ፣ ሁለት ክንድ ከፍታ› ይላል እኮ፣ አባ!»

«ይላላ። አንቺ ነሽ የጻፍሽው፤ እኔ መች ጻፍሁ? ተጽፎበት ነው የሰጠሽኝ።»

እውነት ነው። ከረጢቱ ላይ የጻፈችው ከቤቷ ሳትወጣ ነው። ኖርዌይ እያለች ድንጋዩ ሳይነሣ በከረጢቱ ላይ አስቀድሞ የሚጽፍ ተማሪ ከክፍል ሲባረር አይታለች። እዚህ ግን ቄሱን ላላስቸግር ብላ፣ ነገሩን ለማቅለል ብላ፣ ምናልባትም ካህኑ በትክክል አይጽፉልኝም ብላ ንቃቸው፣ አስቀድማ ጻፈችው።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ? ‹እግዜር ይስጥልኝ አባ› ብለሽ ተፈትልከሽ ሄድሽ።»

«አያ ገሠሠን ጽዋ ሲያሳልፏቸው እርስዎ እዚያ ነበሩ።»

የሽማግሌው ፊት ቀስ ብሎ ተለወጠ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያቺን ቁራሽና ያንን ጽዋ አንድ ላይ አስበዋቸው አያውቁም ነበር። «እኔ እዚህ ደብር የመጣሁ በሰባ አንድ ነው» አሉ። «እሱ ሲሠራ አላየሁም። የፈረንጅ መሣሪያ ዐውቆበታል ሲሉኝ… እኔ ምን ዐውቄ?» ከንፈራቸው ደረቀ። «ልጄ፣ የኔን ስም አታንሺው። የደብሩ ሰው ምን ይለኛል? ለእመቤቲቱ ስል ያደረግሁት ነው።»

እሌኒ ልትጮኽባቸው ፈልጋ ነበር የመጣችው። የሚጮኽበት ቃል ሁሉ ግን ዞሮ ወደ ራሷ ሆነባት። «አላነሣዎትም፣ አባ» አለች፤ ቁልቁለቱን ስትወርድም ዕድሜዋን ሙሉ የተማመነችበት መሬት ከእግሯ ሥር እየላላ፣ የት እንደምትረግጥ ግራ ገባት።

*

የካቲት ዐሥራ ስድስት፣ የኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል፣ ወይራ አምባ ከዳባትም ከደባርቅም ከአምባ ጊዮርጊስም በመጣ ሰው ነጭ ሆናለች። ታቦት ገብቶ፣ ሕዝቡ ምክር ሰምቶ ሊበተን ሲል፣ ይህን ቀን ስትጠብቅ የከረመችው እሌኒ ከሴቶቹ መሐል ወጣች።

አባቷ ከኮሚቴው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። «ወዴት ነው?» አሉ በጥርሳቸው።

«አንድ ነገር ልናገር ነው።»

«በበዓል ቀን ወረቀት አይነበብም። ተቀመጪ።»

«የመጀመሪያው ሲነበብም በዓል ነበር» አለችና አልፋቸው ሄደች።

ወረቀቷን ዘረጋች። ማንም አልፈቀደላትም፤ ማንም ግን ሊያስቆማት አልደፈረም። «የመቅደሱን ግድግዳ በሚመለከት የጻፍሁት ስሕተት ነው» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ። «የተመረመረው ኖራ የመቅደሱ አይደለም። አያ ገሠሠ እንጠግናለን ብለው ከጠገኑት፣ ከውጭው ግድግዳ የወደቀ ነው። እሳቸው የመቅደሱን ድንጋይ ነክተዋል የሚል ምንም ማስረጃ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከየት እንደተነሣ ሳልጠይቅ ጻፍሁ።»

ከዚያ ከወንዶቹ በኩል አንድ ድምፅ መጣ።

«ባለፈው ፈርሷል ያልሽንም አንቺው ነሽ!»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ዛሬ ደግሞ አልፈረሰም። ነገሳ? ታቦቱም የለም ትይን ይሆናል!»

ሳቅ ተነሣ። «ለልጁ ብላ ነው!» አለች አንዲት ሴት፤ «ጨክኖ ሲተዋት ጊዜ ግድግዳውን መልሳ ገነባችለት!» ሳቁ በረታ። እሌኒ ጆሮዋ ነደደ። ይህን አላሰበችውም ነበር። ውሸቷን እንዳመኑ ሁሉ እውነቷንም ያምናሉ ብላ ነበር።

ያኔ ቄሰ ገበዝ እንግዳው በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ።

«እውነቷን ነው» አሉ። «ቁራሹን ከውጭ አንሥቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ። መቅደሱን መምታት ፈርቼ ነው። ገሠሠ ንጹሕ ነው። ይፍቱኝ።»

ሳቁ ቆመ። እሌኒ እንግዲህ ያልፍልናል አለች በልቧ። ነገር ግን ሕዝቡ ካህኑን አየ፣ እርስ በርሱም ተያየ፤ በዚያ መተያየት ውስጥ ያ የታለፈው ጽዋ እንደገና በየእጁ ሲዞር ታያት። ያሳለፉት እነሱ ናቸው። አንድ የማኅበሩ ሽማግሌ ጣታቸውን ወደ እሷ ቀሰሩ።

«የደብራችንን ቄስ በዐደባባይ አስለመንሽ! የገሠሠን ነውር ያወራሽልን አንቺ፤ ኃጢአት ውስጥ የከተትሽን አንቺ፤ ዛሬ ደግሞ ቆመሽ የምትገሥጪን አንቺ! እኛ በሰላም የኖርን ሰዎች ነን። ምን ልትሆኚን መጣሽ?»

«ከመጣሽበት ሂጂ!» አለ ሌላው። ማጉረምረሙ እንደ ወፍጮ ድምፅ ዙሪያዋን ሞላው። አባቷ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ፤ በአጠገቧ ሲያልፉ ቆም ብለው፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ከእንግዲህ ስምሽን ስትጽፊ የኔን አታስከትዪበት» አሏት። ሄዱ።

ብቻዋን ቆመች። መጥላታቸውን አልጠላችውም፤ እንዲያውም ከተመለሰች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከአገሯ ሰው ጋር ፊት ለፊት የቆመች መሰላት። ያንን ሁሉ ፊት ግን አንድ በአንድ ስትፈልግ የፈለገችው ፊት አልነበረም።

በለጠችን ከቅጥሩ በር አገኘቻት። ዛሬ አልሰደበቻትም። ዐይኗ ቀልቷል።

«ሰማሁሽ» አለች በለጠች። «ዘገየሽ እንጂ።»

«አያ ገሠሠ ሰምተዋል?»

«የሉም። ትናንት ማለዳ ያርጋል በበቅሎ ጭኖት ወደ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን አክስታችን ዘንድ ሄዱ። ነገ እዚህ ደጅ ሰው ነጭ ለብሶ ሲያልፍ አልሰማም አለ አባዬ። እዚያው እንኖራለን ነው የሚሉት፤ መሣሪያቸውንም ጭነዋል።»

«ስልኩን ይዟል?»

«ይዟል። መንደሩ ውስጥ ግን አይሠራም። ኮረብታ መውጣት አለበት።» ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገችና፣ «ከፈለገ ይወጣል» አለች። በዚያች በመጨረሻዋ ቃል ውስጥ የነበረው ርኅራኄ፣ እሌኒን ሕዝቡ ያላስለቀሳትን አስለቀሳት።

እዚያው ቅጥሩ ሥር ተቀምጣ ጻፈች። ሰባት ጊዜ ጽፋ ሰባት ጊዜ አጠፋች። የምታውቀውን ሁሉ፣ ስለ ኖራውና ስለ ከረጢቱ፣ ልትጽፍ ጀምራ ተወችው። ለራሷ የሚሟገት ዓረፍተ ነገር ባየች ቁጥር አወጣችው። በመጨረሻ የቀረው ይህ ነበር፦

«ያርጋል። ዛሬ በሕዝብ ፊት ቆሜ አባትህ የመቅደሱን ድንጋይ አልነኩም፣ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ ብያለሁ። ቄሰ ገበዝም መስክረዋል። ሌላውን ባትነግራቸው ይህን ንገራቸው። ያላየሁትን ነው የመሰከርሁት፤ እውነትህን ነው። እምቢ ልልህ ብዬ ግን አልጻፍሁትም። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ቤት ብሆን ኖሮ ወንበር የማወጣላቸው እኔ ነበርሁ። እሌኒ።»

ላከችው።

በዚያን ቀን ምንም አልመጣም፤ በማግሥቱም። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ማሳወቂያው «መልእክትዎ ደርሷል» ይላል። ያርጋል ኮረብታውን ወጥቷል ማለት ነው። እሌኒ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበችና ሁለት እጇን ከስልኩ ግራና ቀኝ አስቀምጣ ጠበቀች፤ አሁን እያነበበው ነው፣ አሁን ጨረሰው፣ አሁን ቁጭ ብሎ ምን ልበላት እያለ ነው እያለች። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወረደች። ጾም ገባ፣ ጾም ወጣ፤ ክረምቱ የጃናሞራን መንገድ ዘጋው፣ መስከረም መልሶ ከፈተው። መልስ አልመጣም።